በፌንጣ ራስ ውስጥ ያለው ክር

ባለመስታወቱ በዚህ ዓለም የሚፈራው ነገር ቢኖር መስታወት ነው። ይህን ሲሰሙ የሚስቁበት አሉ፤ ሰውየው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ መስታወት ሲቆርጥ፣ ሲሸከምና መስኮት ላይ ሲገጥም የኖረ ነውና። እሱ ግን "መስታወት የማይፈራ ባለመስታወት ካገኛችሁ እስቲ ጣቶቹን ቁጠሩለት" ይላቸዋል። እናም ሐኪሙ "በልጅዎ ራስ ውስጥ የምናስገባው ክር ከመስታወት የተሠራ ነው" ሲለው፣ ከዚያ ወዲያ የተነገረው ነገር አብዛኛው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ፈሰሰ። መከራው ሁሉ የመጣው ከዚች ቃል ነው።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፌንጣ ይሏታል፤ እግር ካወጣችበት ቀን ጀምሮ እንደ ሰው ተራምዳ አታውቅም፣ ትዘላለች። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ደረጃ። አንድ ጊዜማ አባቷ ለደንበኛ አዘጋጅቶ መሬት ላይ ያጋደመውን የቁም ሣጥን መስታወት ተሻግራ ዘላ፣ አባትየውን ለሁለት ቀን ምግብ አልበላ ብሎት ነበር።

ፌንጣ ከተወለደች ጀምሮ በጭንቅላቷ ውስጥ ፈሳሽ የመጠራቀም ችግር አለባት። ገና ጨቅላ ሳለች ሐኪሞች ከቆዳዋ ሥር ቀጭን ቱቦ ዘርግተው ፈሳሹ ወደ ሆዷ እንዲወርድ አደረጉላት። ቱቦው አንድ ጊዜ ተደፍኖ ተቀይሯል። ያን ጊዜ ቁስሉ አመርቅዞ ልጅቷ አልጋ ላይ ከረመች፤ ስትነሣም የነገሮች ስም ጠፍቶባት ጫማዋን "ያ... የእግር ነገር" ትለው ነበር። ቃላቱ ቀስ በቀስ ተመልሰውላታል። ለአባቷ ግን ያ ወራት አላለፈም። "የእግር ነገር" ስትል የነበረው ድምፅ ዛሬም ይሰማዋል፤ ቀዶ ጥገና የሚለውን ቃል በሬዲዮ ቢሰማው እንኳ ተነሥቶ ይዘጋዋል።

አሁን ደግሞ ፌንጣ ራሴን አመመኝ ማለት ጀምራለች። ዝላዩን ትታ ጨለማ ክፍል ገብታ የምትተኛባቸው ቀኖች በዙ። ሐኪም ቤት ሄዳ የጭንቅላት ፎቶ ተነሣች። ፎቶው ግን እንደ ፈሪ ምስክር፣ ቱቦው ተደፍኗል አልተደፈነም ሳይል ቀረ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በጣም ረጅም ከመሆኑ የተነሣ ከፍ ባለ በር እንኳ ሲገባ ከልማድ ጎንበስ ይላል። አባትና ልጅን አስቀምጦ አስረዳቸው። "ቱቦው ተደፍኖ ከሆነ በጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ካልተደፈነ አይጨምርም። ፎቶው ቁርጡን ስላልነገረን ግፊቱን ራሱን እንለካዋለን። አስተኝተናት ትንሽ ቀዳዳ እንከፍትና ቀጭን ክር እናስገባለን። እስከ ነገ እዚያው ይቆያል።"

"የምን ክር?" አለች ፌንጣ።

"የብርሃን ክር። ፋይበር የሚሉት።"

"ኢንተርኔት የሚያመጣው? ሰፈራችን መንገዱን ሁሉ ቆፋፍረው የቀበሩት?"

"አዎ፣ የእሱ ዘመድ ነው።"

"እንግዲያው እኔ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ፊልም ማየት ይችላል ማለት ነው" አለች ፌንጣ።

ሐኪሙ ሳቀ። "ፊልም የለውም። ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። በክሩ ውስጥ ብርሃን እንልካለን። ጫፉ ላይ በጣም ስስ የሆነች ሽፋን አለች፤ ግፊት ሲነካት ጎበጥ ትላለች። ስትጎብጥ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይለወጣል። መሣሪያው ያችን ለውጥ አይቶ ግፊቱ ስንት እንደሆነ ይጽፍልናል።" ከዚያ ወደ አባቷ ዞረ። "ከአሥራ አምስት በታች ከሆነ ደስ ይለናል። ከሃያ በላይ ወጥቶ እዚያው ከቆየ ግን ቱቦውን መቀየር ግድ ነው።"

"መቀየር ማለት..." አለ ባለመስታወቱ።

"መክፈት ማለት ነው" አለ ሐኪሙ። ሽንገላ አያውቅበትም። "አደራ የምልዎት፣ ክሩ እንዳይታጠፍ። መስታወት ነው፤ አጥብቆ ከታጠፈ ይሰበራል። ከተሰበረ ሌላ ለማስገባት እንገደዳለን።"

ይኸው ነው እንግዲህ። አጠገባቸው የቆመችው ሲስተር፣ ጡረታ ሊደርሳት ጥቂት የቀራት ወፍራም ሴትዮ፣ ከሐኪሙ ቀጥላ ስለ አልጋው፣ ስለ ትራሱና ስለ አንገቷ ብዙ ነገር ተናግራለች። ባለመስታወቱም "እሺ፣ እሺ" እያለ ራሱን ነቅንቋል። ልቡ ግን እዚያ አልነበረም። በሐሳቡ ጸጉር የምታክል መስታወት በዚያች መቀመጥ በማትችል ልጅ ራስ ውስጥ ተሰክታ እያያት ነበር።

በዚያው ጠዋት ክሩ ገባ። ፌንጣ በስተቀኝ ከግንባሯ ከፍ ብሎ ጸጉሯ ተላጭቶ፣ ከፋሻው ሥር ቀጭን ገመድ ወጥቶላት፣ እንቅልፍ እንደተጫናት ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ገመዱ በትራሷ ጎን አልፎ አልጋው ራስጌ ካለው መሣሪያ ጋር ይገናኛል። መሣሪያው ላይ አሥራ አንድ የሚል አረንጓዴ ቁጥር ይበራል። ባለመስታወቱ ቁጥሩን ሲያይ ሮጦ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱና አማቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቱን ጉንፋን ስለያዛት ሲስተር ከበር አስቀርታታለች። አማቱ ደግሞ ልጄን ጥዬ አልገባም ብለው እዚያው ቀርተዋል፤ እውነቱን ለመናገር ደም ማየት አይሆንላቸውም።

"አሥራ አንድ!" አላቸው።

"ጥሩ ነው መጥፎ?" አሉ አማቱ።

"ጥሩ ነው እማማ! ከአሥራ አምስት በታች ጥሩ ነው!"

ሚስቱ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። "ሂድ ግባ፤ ብቻዋን አትተዋት" አለችው። እሱም ተመልሶ ገባ። በዚያች ሰዓት እንደ እሱ ደስተኛ ሰው በሕንጻው ውስጥ አልነበረም።

ደስታው ግን ፌንጣ እስክትነቃ ብቻ ነበር። ዓይኗን ገለጠች፣ ውኃ ጠየቀች፣ ቀጥሎም ራሷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ገመዱ በኩል፣ ዞር አደረገች።

"አይ! አይ! አይ!" ብሎ ባለመስታወቱ ከወንበሩ ተስፈነጠረ። "እንዳትነኪው! እንዳትዞሪ!"

"ምን አደረግሁ?"

"በዚያ በኩል መስታወት አለ የእኔ እመቤት። ወደዚህ ዙሪ። ወደ ግራ። እንደሱ። ትንሽ ጨምሪ።"

ባለመስታወቱ ሥራውን ያውቃል። አንድ ትልቅ መስታወት በመኪና ሲጭን ከማንም ይበልጣል፤ በየጎኑ ጨርቅ ይጠቀጥቃል፣ በየማዕዘኑ ፍራሽ ይጎዘጉዛል፣ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ እንኳ መስታወቱ ንቅንቅ አይልም። ያንኑ ብልሃት አሁን ልጁ ላይ አዋለው። በሩ አጠገብ ንጹሕ ፎጣዎች የተደረደሩበት ጋሪ ቆሟል። ሲስተር ቀደም ብላ "ከዚህ ጋሪ ማንም አስታማሚ አንድ ነገር እንዳይወስድ" ብላ ስለነበር ወዲያና ወዲህ አይቶ ነው ያነሣው። ፎጣዎቹን ጠቅልሎ አንዱን ከቀኝ ጉንጯ፣ አንዱን ከአገጯ ሥር፣ አንዱን ከማጅራቷ ኋላ ሻጠ። አልበቃ ሲለው ኮቱን አውልቆ ጨመረበት። ፌንጣ አገጯ ከግራ ትከሻዋ ጋር ተጣብቆ፣ ግድግዳውን እያየች ቀረች። ገመዱ ከራሷ ነጻ ሆኖ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ።

"አባዬ፣ አንገቴን አመመኝ።"

"ቻይው የእኔ ቆንጆ። እስከ ነገ ብቻ ነው።"

"ግድግዳው ላይ ምንም የለም እኮ።"

"ጥሩ። ምንም የሌለበት ግድግዳ ዓይን ያሳርፋል።"

ብዙም ሳይቆይ መሣሪያው ጢ፣ ጢ ማለት ጀመረ። ባለመስታወቱ ቀና ብሎ ሲያይ ቁጥሩ ቢጫ ሆኗል፤ ሃያ አንድ ይላል። ሃያ ሦስት አለ። ሃያ ስድስት አለ። ምን ነካው? ክሩ ሊሰበር ይሆን? ተጎንብሶ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረ፤ አልተጣጠፈም። እንግዲያው አንገቷን አላላችው ማለት ነው ብሎ ፎጣውን ይበልጥ ጠበቅ አደረገው።

ያኔ የሐኪሙ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ ሲል ተሰማ። ባለመስታወቱ የጋሪው ፎጣ ትዝ አለው። ፎጣዎቹን መንጥቆ አልጋው ሥር ወረወረ፤ ኮቱን ክንዱ ላይ ጣለው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ፌንጣ በደስታ ፊቷን ቀጥ አድርጋ ተቀበለችው።

"ጣቴን በዓይንሽ ተከተዪ" አላት። ተከተለች። "ራስሽን ያምሻል?" "ትንሽ።" ሐኪሙ እጇን ጨበጥ፣ እግሯን ነካ ነካ እያደረገ ቆየና መሣሪያውን ቀና ብሎ አየ። አሥራ አራት።

"ይገርማል" አለ። "አሁን ውጪ ነርሶቹ ጋ ባለው ማሳያ ላይ ሃያ ስድስት ነበር። ደወል ሰምቼ ነው የመጣሁት።"

"እኔም ሃያ ስድስት ነው ያየሁት" አለ ባለመስታወቱ። አልዋሸም። የጎደለው ነገር ቢኖር ስለ ፎጣው አለመተንፈሱ ነው፤ ፎጣና ቁጥር ደግሞ ምን አገናኛቸው?

ሐኪሙ ወጣ። ፎጣዎቹ ከአልጋው ሥር ወጡ። ቁጥሩም ሃያ ሰባት ደረሰ።

እንዲህ ሲሆን ዋለ። ደወሉ ይጮኻል፣ ሐኪሙ ይመጣል፣ ፎጣዎቹ ይሰወራሉ፣ ፌንጣ ቀና ትላለች፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ ይወጣል፣ ቁጥሩ ተመልሶ ይሰቀላል። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ሐኪሙ መሣሪያውን በጣቱ መታ መታ አደረገውና "እኔ ስመጣ ይወርዳል፣ ስሄድ ይወጣል። ምንድነው ነገሩ?" አለ።

"ስለምወድዎት ነው" አለች ፌንጣ።

ሐኪሙ ሳቀ። አባቷ ግን አልሳቀም፤ እንዲያውም ትንሽ ቅር አለው። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ የዋለው እሱ አይደለም እንዴ?

ሐኪሙ ባለመስታወቱን በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ኮሪደሩ ይዞት ወጣ። ሚስትየውና አማቲቱም ከአግዳሚው ተነሥተው ተጠጉ።

"መሣሪያው የመዘገበውን አየሁት" አለ ሐኪሙ። ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል የለም። "እኔ ያየሁባትን ደቂቃ ትተን ከፍ ብሎ ነው የዋለው። በዚህ ዓይነት ቱቦው ተደፍኗል ብዬ ለመወሰን እገደዳለሁ። ከእራት በኋላ ምንም እንዳትቀምስ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያዋ ገቢ እሷ ናት።"

አማቱ "ወይኔ ልጄን!" ብለው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ሚስቱ የባሏን እጅጌ ይዛ ቆመች። ያ የእግር ነገር፣ ያ የእግር ነገር የሚለው ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸ። በዚህኛውስ ዙር የትኛውን ቃል ይሆን የምትረሳው? እማዬን? አባዬን?

"ሂድ ግባ" አለችው ሚስቱ ዳግመኛ። "እንዳትታይብህ። ዓይንህን ጥረግ።"

ገባ። ከሁሉ በፊት ያደረገው ምን መሰላችሁ? ፎጣዎቹን አወጣ። ቢያንስ ክሩ እንኳ እንዳይሰበር፣ በሌላው መከራ ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ እንዳይጨመር፣ ከበፊቱ ይበልጥ አጥብቆ ጠቀጠቃት። አንጀቱ እያረረ ልጁን ወደ ባሰው ገፋት። በፍቅር ነው ያደረገው፤ ይህን ግን ቁጥሩ አያውቅለትም። ቁጥሩ ሃያ ዘጠኝ አለ።

የሲስተር ጫማ ስፖንጅ ነው፤ ድምፅ የለውም። ሙቀት ልትለካ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ ባለመስታወቱ ኮቱን በልጁ ማጅራት ሲሻጥ እጅ ከፍንጅ ያዘችው።

"ምንድነው የማየው?"

ባለመስታወቱ ቀጥ አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። "ፎጣዎቹን... እመልሳለሁ ሲስተር። አንዱም አልቆሸሸም።"

"የፎጣውን ወሬ ተወኝ! አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ነው የታመመብህ ወይስ ዕቃ ነው የምትጭነው?" ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ወደ አልጋው ተንደረደረች። አንዱን ፎጣ ሳበች፣ ሁለተኛውን ሳበች፣ ሌላም አገኘች፣ ኮቱን ጎትታ ክንዱ ላይ ወረወረችለት። "ማን ነው ወደዚህ ያዞራት?"

"እኔ ነኝ። ክሩ እንዳይሰበር ብዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከነቃች ጀምሮ" አለች ፌንጣ ከፎጣው ውስጥ እየወጣች። "አንገቴ ቁልምም ብሎ ሊቀር ነው።"

ሲስተር የፌንጣን ራስ በሁለት መዳፏ ይዛ ቀስ አድርጋ አቀናችው። አገጯን ከደረቷ መሐል ጋር አስተካከለች። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረገችው። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መሣሪያውን ማየት ጀመረች። ባለመስታወቱም አየ። ሃያ ዘጠኝ። ሃያ አምስት። ሃያ። አፉ ተከፈተ። አሥራ ሰባት። ደወሉ ዝም አለ። አሥራ ሦስት። ቁጥሩ አረንጓዴ ሆኖ አሥራ ሁለት ላይ ተቀመጠ።

"ና ወዲህ የእኔ ወንድም" አለች ሲስተር። ድምፅዋ አሁን ለስልሷል። የልጅቷን አንገት በጣቷ አሳየችው። "ደም ወደ ራስ ይወጣል፣ በዚህ ሥር ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። አንገቷን እንዲህ አጣመህ ስትጠመዝዘው መመለሻው ይጨመቃል። የሚወጣው ይወጣል፣ የሚመለሰው ግን መንገድ ያጣል። ታዲያ ግፊቱ የት ይድረስ? ጠዋት ራሷ ቀጥ ይበል ብዬህ የለ?"

"እሺ ብዬዎት ነበር" አለ ባለመስታወቱ በቀጭን ድምፅ።

"እሺ ማለትማ ችሎታህ ነው።"

"ሲስተር... ታዲያ ቱቦው አልተደፈነም ማለት ነው?"

"እሱን እኔ አልናገርም፤ የሐኪሙ ነው። ግን ራስህ ሄደህ ትነግረዋለህ። እኔ አልነግርልህም።"

ባለመስታወቱ ያን ኮሪደር እንዴት እንዳለፈው አያውቅም። ሚስቱ "ምን ሆነ?" ብላ ስትነሣ "ቆይ፣ ቆይ" ብሏት አለፈ። ሐኪሙን ያገኘው ከቀዶ ጥገና ክፍል ሰዎች ጋር ቆሞ ስለ ነገው ሲነጋገር ነው። ሐሞቱ ፈሰሰ። ይህ ሰው አስታማሚነቱን ነጥቆ ከበር ቢያባርረው ማን ይፈርድለታል? እግሬ አውጪኝ ብሎ ቢሮጥ በወደደ፤ እግሩ ግን ሐኪሙ ፊት ወስዶ ገተረው።

"ዶክተር፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ" አለ። "እርስዎ ሲሄዱ አንገቷን ወደ ግራ አዞራታለሁ። በፎጣ እጠቀጥቃታለሁ። ሲመጡ ደግሞ አወጣዋለሁ። መስታወት ሲጫን እንደሚደረገው። ክሩ እንዳይሰበር ብዬ ነው። ሲስተር ስታቃናት ወረደ። አሥራ ሁለት ነው አሁን።"

ሐኪሙ ለአፍታ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ረጃጅም እግሮቹን አንሥቶ ወደ ክፍሉ ገሠገሠ፤ ባለመስታወቱም ከኋላው ተከተለ። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ "ሲስተር፣ እስቲ አንዴ ወደ ግራ መልሻት" አለ። ሲስተር መለሰቻት። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ሃያ ሲደርስ "አቅኚያት" አለ። ወረደ። "ወደ ቀኝ" አለ። ወጣ። "አቅኚያት።" ወረደ።

"እኔ የሬዲዮ ቁልፍ ነኝ እንዴ?" አለች ፌንጣ።

ማንም አልሳቀም። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ነው ባለመስታወቱ ምን ያህል ልጅ እግር እንደሆነ ያስተዋለው። "ልከፍታት ነበር እኮ" አለ ሐኪሙ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ደህና ቱቦ ልቀይር ነበር። እኔም ቁጥሩን አየሁ እንጂ ከመምጣቴ በፊት እንዴት እንደተኛች አልጠየቅሁም።" ፊቱን በመዳፉ አሻሸና ወደ አባቷ ዞረ። "አሁን ይስሙኝ። ክሩ እንደ ሸማኔ ክር እንደልብ ይታጠፋል ማለቴ አይደለም፤ ግን እስቲ ይህን ገመድ ይንኩት። የተሸፈነ ነው። ልጅ በተኛችበት ብትገላበጥ ብሎ አስቦ ነው ሰው የሠራው። እንዳይታጠፍ ነው ያልኩት፤ እንዳትኖር አላልኩም።"

ባለመስታወቱ ገመዱን ነካው። ወፍራምና ልስልስ ነበር። ማፈሩም መደሰቱም አንድ ላይ ሆነበት።

"ሌሊቱን ራሷ ቀጥ ብሎ ታድራለች" አለ ሐኪሙ። "ጠዋት መዝገቡን አይቼ እወስናለሁ። ለቀዶ ጥገናው ክፍል ሰዎች ግን አሁኑኑ የነገው ቀርቷል እላቸዋለሁ።"

ኮሪደሩ ላይ ለሚስቱ ሲነግራት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በነጠላ ጫማዋ እንዳትመታው ሰው አለ፤ በመሐረቧ ደጋግማ ደረቱን መታችው። እየመታችው አሳላት፣ እያሳላት ሳቀች፣ እየሳቀች አለቀሰች። "አንተ... አንተ... የእኔ ጉድ!" አለችው፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

አማቱ ግን ቃል አላጡም። "እኔ ያኔውኑ ልጄን ለመስታወት ሠራተኛ አልሰጥም ብዬ ነበር" አሉ። "ማን ሰማኝ!"

ያችን ሌሊት ፌንጣ ኮርኒሱን እያየች ተኛች፤ ሲስተርም ስታልፍ ስታገድም ባለመስታወቱን በጥርጣሬ ታየው ነበር። እሱ እጁን ብብቱ ውስጥ ቆልፎ፣ ምንም ሳይነካ አደረ።

ጠዋት ሐኪሙ ሲመጣ ደስታው ከፊቱ ቀድሞ ገባ። ሲስተር ለዛሬ ብቻ ብላ ለሚስትየው የአፍ መሸፈኛ አድርጋ አስገባቻት፤ አማቲቱም ደም እንደሌለ ሦስቴ ካስማሉ በኋላ ተከተሉ።

"ሌሊቱን ሙሉ ከአሥራ አራት አልዘለለም" አለ ሐኪሙ። "ቱቦው ሥራውን እየሠራ ነው። አትከፈትም።"

አትከፈትም። ባለመስታወቱ ይህችን ቃል ብዙ ጊዜ ጠብቋት ስለነበር ስትመጣ ምን ያድርጋት? ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወደ ታች ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ነፍሱ መለስ ስትል ሐኪሙ ጥያቄ እየጠየቀ ነበር።

"የራስ ምታቱ እንግዲህ ሌላ ምንጭ አለው። ፌንጣ፣ ሲጀምርሽ ምን ምን ይልሻል?"

"መጀመሪያ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከዚያ በአንድ ጎን ይመታኛል። ከዚያ ያስመልሰኛል።"

"እንዴ!" አሉ አማቱ። "ይሄማ የእኔ ነው!"

ሁሉም ዞረው አዩአቸው።

"ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ ነው። ብልጭታው፣ በአንድ ጎን መምታቱ፣ ሁሉም። ጨለማ ቤት ገብቼ ስተኛ ይተወኛል።"

"እማዬ፣ ለምን አልተናገርሽም?" አለች ሚስትየው።

"ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም ቱቦ፣ ቱቦ ስትሉ ነው የከረማችሁት!"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ማይግሬን ሳይሆን እንደማይቀር፣ ከቤተሰብ እንደሚወረስ፣ መድኃኒትም እንዳለው፣ ተረጋግቶ እንደሚመረምራት ነገራቸው። ባለመስታወቱ ከወለሉ ተነሥቶ የአማቱን ግንባር ሳመ። ልጁ እሳቸውን በመምሰሏ ደስ ያለው በትዳር ዘመኑ ይህ የመጀመሪያው ነው። አማቱ "ሂድ ወዲያ፣ ሸረኛ" አሉት፤ ግን ግንባራቸውን አልነፈጉትም።

ክሩን ለማውጣት ብዙም ጊዜ አልፈጀም። ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ፣ ማሠሪያውን አላላ፣ በቀስታ ሳበ። ፌንጣ "ኧረ አላመመኝም" አለች። ክሩ ሙሉ ለሙሉ ደህና ሆኖ ወጣ። ቀዳዳዋ በአንዲት ስፌት ተዘጋች፤ አዲስ ፋሻ ተደረገላት።

"አሁን መዞር እችላለሁ?" አለች ፌንጣ።

"እንደፈለግሽ" አለ ሐኪሙ። "ቁስሉን ብቻ እንዳትጫኚው።"

ፌንጣ ግን ሐኪሙን አልነበረም የጠየቀችው። አባቷን ነው የምታየው፤ ራሷን እንዳቀናች፣ ንቅንቅ ሳትል፣ ከእሱ ቃል እየጠበቀች። ያች መቀመጥ የማታውቅ ልጅ በአንድ ቀን ፈቃድ መጠየቅ ተምራለች። ባለመስታወቱ ይህን ሲያይ አንጀቱ ተቆረጠ።

"ዙሪ የእኔ ልጅ" አላት። "ወደ ፈለግሽበት ዙሪ። ተገልበጪ። ልዝለል ብትይም ከሐኪሙ ጋር እኔ እጣላለሁ።"

ፌንጣ በግራ ጎኗ ዞረች። ጉልበቷን እስከ አገጯ ስባ ተጠቀለለች፣ አፍንጫዋን ትራሱ ውስጥ ቀበረች፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ብዙም ሳትቆይ እንቅልፍ ወሰዳት። እንቅልፏ ውስጥ ደግሞ ብርድ ልብሱን በእግሯ ገፍታ ጣለችው። አባቷ አንሥቶ አለበሳት፤ ራሷን ግን እንዳለ ተወው።